ጽዋ የሌለበት ማኅበር

ከቤተ ሰብ መካከል አንዱ በወባ ወይም በሳንባ ነቀርሳ ሲታመም ጎረቤት ሁሉ ይሰማል። አንዱ አጥሚት ይዞ ይመጣል፤ ሌላው ሐኪም ቤት ያደርሳል፤ የንስሐ አባትም ተጠርተው ጸሎት ያደርሳሉ። ያው ሰው በመጠጥ ሲታመም ግን ነገሩ ሁሉ ይለወጣል። ሚስት ድምፅ እንዳይሰማባት መስኮቷን ትዘጋለች፤ ልጆች «አባታችን መንገድ ሄዷል» ማለትን ይለምዳሉ፤ ዘመድም ፊት ለፊት ዝም ብሎ በጓሮ ያማል። እኛ በመምህርነት ሥራ ላይ ከቆየን ከ20 ዓመት በላይ ሆኖናልና ይህን ነገር ከሁሉ አስቀድመን የምናነበው ከልጆች ፊት ላይ ነው። ሰኞ ጠዋት በዴስኩ ላይ ተደፍቶ የሚያንቀላፋውን ልጅ ለብቻው ጠርተን ስንጠይቀው፥ ሌሊቱን ከእናቱ ጋር አባቱን ከመጠጥ ቤት ወደ መጠጥ ቤት ሲፈልግ ያደረ ሆኖ እናገኘዋለን።

ዛሬ የምንጽፈው ስለ ስካር ነውርነት አይደለም፤ ስለ እርሱ ብዙ ተሰብኳል፥ ብዙም ተጽፏል። የምንጽፈው፥ እንዲህ ያለው ሰው አንድ ቀን «እንግዲህስ ልተው» ብሎ በተነሣ ጊዜ ወዴት ይሂድ? ስለሚለው ጥያቄ ነው። ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ለእኛ ቤት ግን ለወራት መልስ ያጣንለት ጥያቄ ነበረ።

ብዙዎቻችን ናዝሬት እያልን ያደግንባት አዳማ የመንገደኛ ከተማ ናት። ቀድሞ የጅቡቲው ባቡር ያልፍባት ነበር፤ ዛሬም ከጅቡቲ ወደብ ወደ ሞጆ ደረቅ ወደብ የሚመላለሱት ከባድ መኪናዎች ሌሊትና ቀን ያልፉባታል። መንገደኛ በበዛበት መጠጥ ቤት መብዛቱ አይቀርም። ወደ ደቡብ የወረደ ሰው መቂን አልፎ ባቱን፥ ማለት የቀድሞዋን ዝዋይን ያገኛል፤ በዚያ ዙሪያ የወይን ተክል ተተክሎ የወይን ጠጅ ይሠራል። ከዚያም ወዲያ አርሲ ነገሌ አለች፤ የአረቄዋ ስም በአገሩ ሁሉ የታወቀ ነው። በአርሲ ነገሌ አረቄ ማውጣት የብዙ እናቶች እንጀራ ነው። አተላው ከብት ያደልባል፤ ከአረቄው በሚገኘው ገንዘብም የቤት ኪራይ ይከፈላል፥ ልጅ ይማራል። እነዚህን እናቶች ሊዘልፍ የሚነሣ ሰው ቢኖር አስቀድሞ ሌላ እንጀራ ያሳያቸው እንላለን።

የሆነ ሆኖ አያቶቻችን በበዓል ቀን ሲጠጡት የነበረው ጠላና ዛሬ ሾፌሩ በመንገድ ዳር ጠዋት የሚጨልጠው መለኪያ አንድ ነገር አይደሉም። የመጠጦቻችንን ጠባይ የመረመሩ ሰዎች እንደሚሉት ጠላ ውስጥ ያለው አልኮል በመቶ ከ2 እስከ 6፥ ጠጅ ውስጥ ያለው ከ7 እስከ 11 ይሆናል። ተራ አረቄ ግን ወደ 35 ይጠጋል፤ ዳግም የወጣውም 45 ገደማ ይደርሳል። «አባቶቻችንስ ይጠጡ አልነበረምን?» የሚለው ክርክር ይህን ልዩነት ይዘነጋዋል።

መንግሥት በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው የአልኮል መጠጥ እንዳይሸጥ ደንግጓል፤ በሬዲዮና በቴሌቪዥን ይነገር የነበረው የቢራ ማስታወቂያም በዚሁ አዋጅ ቀርቷል። ይህ መልካም ነው። ነገር ግን ሕግ ገና ያልገባውን ሰው በበር ላይ ያስቆማል እንጂ ቀድሞ የገባውን እጁን ይዞ አያወጣም።

ከዚህ በኋላ የምንናገረው የባለቤታችን ታላቅ ወንድም፥ እኛም «ጋሼ» እያልን የምንጠራቸውን ሰው ታሪክ ነው። «ስሜን ብቻ ይተዉት እንጂ መምህር፥ ሌላውን ሁሉ ይጻፉት፤ ምናልባት ለአንዱ ይጠቅም ይሆናል» ብለው ፈቅደውልናል።

ጋሼ ለ26 ዓመት በጅቡቲ መስመር ከባድ መኪና የነዱ ሰው ናቸው። መጀመሪያ የሚጠጡት መኪናውን አቁመው፥ ሸራውን አጥብቀው፥ እራታቸውን ከበሉ በኋላ ብቻ ነበረ። ዓመታት ሲያልፉ ግን ጠዋት እጃቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ መንቀጥቀጡንም የሚያቆመው ያው የማታው አረቄ ሆነ። እርሳቸው ሲነግሩን «መጠጡን ለደስታ ከተውኩት ቆይቷል፤ ቁልፍ ለመያዝ ነበር የምጠጣው» አሉን። በመጨረሻም የመኪናው ባለቤት ቁልፉን ተቀበላቸው።

በቅበላ ዕለት፥ የዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል፥ ለማንም ሳይናገሩ ከነገ ጀምሮ አንዲት ጠብታ አልቀምስም ብለው በልባቸው ቆረጡ። ሐሳቡ የተቀደሰ ነበረ። በማግሥቱ ላብ አጠመቃቸው፤ ምግብ እምቢ አላቸው። በሁለተኛው ሌሊት ከአልጋቸው ወድቀው ሰውነታቸው ተንዘፈዘፈ፤ አረፋም ደፈቁ። በሦስተኛው ቀን በግድግዳው ላይ የሌለ ጉንዳን ሲሄድ ያያሉ፤ ከሞተ 6 ዓመት ከሆነው ረዳታቸው ጋር ይነጋገራሉ። ጎረቤት ተሰብስቦ «ያዛቸው» አለ። ያገር ሽማግሌዎችም በዚያው ሰዓት መኪና ተፈልጎ ወደ ሸንኮራ ዮሐንስ ጸበል እንዲወሰዱ ፈረዱ።

በዚህ ቦታ የንስሐ አባታችንን ማመስገን ይገባናል። መጥተው መስቀላቸውን አሳረፉባቸው፥ ጸለዩላቸው፤ ከዚያም ወደ ሰዎቹ ዘወር ብለው «ጸበሉ አይሸሽም፤ መጀመሪያ ሐኪም ይያቸው» አሉ። ከዚህ በላይ አንድ ቃል አልጨመሩም፤ ክርክሩም በዚያው አበቃ። የሄድንበት የመጀመሪያው ጤና ቤት «ሰክረው ነው፤ ሲበርድላቸው አምጧቸው» ብሎ መለሰን። ሰውየው ግን ሦስት ቀን ሙሉ ምንም አልጠጡም ነበርና የታመሙት ስለ ሰከሩ ሳይሆን ስላልሰከሩ ነበር። ሁለተኛው ሆስፒታል ተቀበላቸው።

ሐኪሙ ለቤተ ሰቡ ያስረዳውን እዚህ መጻፍ የሚገባን ይመስለናል፤ ብዙ ቤት ይህን ባለማወቅ ሰው ይቀብራልና። አልኮል አእምሮን የሚያደነዝዝ ነገር ነው። ሰው ለዓመታት በየቀኑ ሲጠጣ አእምሮ ከማደንዘዙ ጋር ለመታገል ራሱን አብዝቶ ማነቃቃትን ይለምዳል። መጠጡ በድንገት ሲቋረጥ ማደንዘዣው ይቀራል፥ ማነቃቂያው ግን እንዳለ ይቆያል። ከዚህ የተነሣ መንቀጥቀጡ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ይጀምራል፤ መንዘፍዘፉ በመጀመሪያዎቹ 2 ቀናት ውስጥ ሊመጣ ይችላል፤ መቃዠቱና የሌለ ነገር ማየቱ ብዙውን ጊዜ ከ2 ቀን በኋላ ይከተላል፤ ይህም ሳይታከም ቢቀር ይገድላል። ስለዚህ ለብዙ ዘመን በየቀኑ ሲጠጣ የኖረ ሰው ለመተው ሲወስን በሐኪም እጅ ሆኖ ይተው። ለጋሼም ዲያዜፓም የተባለውን መድኃኒት በየቀኑ መጠኑን እየቀነሱ ሰጧቸው፤ መጠጥ ከሰውነት የሚያሟጥጠውን ቫይታሚን ቢ 1 በመርፌ ወጉአቸው። በሰባተኛው ቀን የራሳቸውን ካልሲ በራሳቸው እጅ አደረጉ። ባለቤታችን ይህን ስታይ አለቀሰች።

ሲወጡ ሐኪሙ እንዲህ አለን፤ «ሰውነታቸው ከአልኮሉ ተላቋል። አሁን የሚያስፈልጋቸው ሰው ነው፤ ብቻቸውን አይሁኑ።» ነገሩ እውነት ነበረ፤ ነገር ግን ከየትኛው ሰው ጋር ይሁኑ? 26 ዓመት ሙሉ ያፈሯቸው ወዳጆች ሁሉ የሚገኙት በመጠጥ ቤት ነው። ሸንኮራ ዮሐንስ ሄደው ሁለት ሱባዔ ቆዩ፤ ልባቸው ተጽናና፤ ፊታቸው በራ። ከጸበል የሚመለስ ሰው ግን የሚመለሰው ወደዚያው ሰፈር ነው፤ ከቤታቸው እስከ ቤተ ክርስቲያን ድረስ ስንቆጥር 14 መጠጥ ቤት አለ።

ስለዚህ መጠየቅ ጀመርን። በአዲስ አበባ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታልም ሆነ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በሱስ የተያዙትን እንደሚያክሙ ተነገረን። ደግሞም በዚያው በአዲስ አበባ፥ ጠጥተው የተዉ ሰዎች ራሳቸው ተሰብስበው እርስ በርሳቸው የሚደጋገፉበት ጉባኤ እንዳለ ሰማን። ፈጣኑ መንገድ አዲስ አበባን ለአዳማ አቅርቧታል፤ ቢሆንም ሥራ ያጣ ሰው በየሳምንቱ የደርሶ መልስ ኪራይ ከየት ያመጣል? ፍለጋችንን በከተማችን ቀጠልን። ወራት አለፉ። አንድ ቀን መድኃኒት ለመቀበል በሄድንበት የአእምሮ ሕክምና ክፍል አንዲት ነርስ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እዚህም ጥቂት ሰዎች አሉ። የሚሰበሰቡበትን ቦታ መናገር አልችልም፤ ስልክዎን ግን ላቀብል እችላለሁ» አለችን። በሦስተኛው ቀን ማታ የማናውቀው ድምፅ ደወለ። «አንድ ወንድም ነኝ። እሁድ በ9 ሰዓት አሮጌው ባቡር ጣቢያ አጠገብ እጠብቃቸዋለሁ። ፈርተው ከሆነ እርስዎም አብረው ይምጡ፤ የወሩ የመጀመሪያ እሁድ ለቤተ ሰብ ክፍት ነው።»

ቦታው ተማሪዎች ማታ ማታ የማጠናከሪያ ትምህርት የሚማሩበት አንድ የተከራየ ክፍል ነበር። በሩ ላይ ጽሑፍ የለም። በጥቁር ሰሌዳው ላይ ሳይጠፋ የቀረ የአልጀብራ ስሌት ነበረ፤ በሦስተኛው መስመር ላይ የመቀነስ ምልክቱ ተዘንግቷል። ጠመኔውን አንሥተን እንዳናርመው ራሳችንን መግታት ነበረብን። አሥራ አንድ ሰዎች በክብ ተቀምጠዋል፤ በመካከላቸው አንድ ፔርሙዝ ሻይ አለ። ስብሰባው በጸጥታ ጀመረ፤ ሁሉም እንደ እምነቱ በልቡ ጸለየ። እኛ በልባችን አቡነ ዘበሰማያት ስንደግም በአጠገባችን የተቀመጠው ሰው ሁለት እጁን ዘርግቶ በእስልምናው ሥርዓት ይለምን ነበር።

ከዚያም እያንዳንዱ በተራው ስሙን፥ የአባቱን ስም ሳይጨምር ተናግሮ፥ ጠጪ መሆኑንና ሳይጠጣ የቆየበትን ጊዜ ይናገራል፤ ከፈለገም ያለፈው ሳምንት እንዴት እንደ ዋለ ያወራል። አንዱ ሲናገር ሌላው አያቋርጥም፤ አይመክርም፤ አይገሥጽም። ኑሮው ምክርና ተግሣጽ ለሆነ ሰው ይህ ሥርዓት ቀላል እንዳልሆነ አንባቢ ይረዳልናል። አንድ ሽማግሌ በኦሮምኛ ተናገሩ፤ ኦሮምኛ የማያውቀው ጎረቤታቸው ትርጓሜው ሳይነገረው ራሱን ይነቀንቅ ነበር። ተራው ሲደርስ ጋሼ ለብዙ ጊዜ ዝም አሉ። ማንም አላቻኮላቸውም። በመጨረሻ ስማቸውን ብቻ ተናገሩና «ጉንዳን አይቻለሁ» አሉ። ከአሥራ አንዱ አራቱ ሳቁ። የሳቁትም ንቀው ሳይሆን እነርሱም አይተውት ስለ ነበረ ነው። ጋሼም አብረው ሳቁ። ያን ሳቅ ከሰማን ስንት ዓመት ሆኖን እንደ ነበር ማስታወስ አቃተን።

በዚያ ክፍል የሚሰማ ነገር ከዚያ ክፍል እንዳይወጣ ቃል ይገባልና ሌላውን አንጽፍም። አንዲት እናት ብቻ ሰው እንዲያውቀው ወደዋል። እርሳቸው አረቄ እያወጡ አምስት ልጆች ያሳደጉ ናቸው። የወጣው አረቄ ደኅና መሆኑን ለማወቅ በየቀኑ በፍንጃል ይቀምሱ ነበር። «ነጋዴው ሲመጣ ከእኔ የሚገዛው አነሰ፤ ማን እንደ ጠጣው አላወቅሁም ነበር» ብለው ተናገሩ።

አንዳንድ አንባቢ «ይህ ከየት የመጣ ሥርዓት ነው? አዲስ ሃይማኖት እንዳይሆን» ሳይለን አይቀርም። እኛም ጠይቀናል። ነገሩ የተጀመረው በአሜሪካ አገር፥ በኦሃዮ ግዛት በአክሮን ከተማ፥ እንደ እኛ አቆጣጠር በ1927 ዓ.ም. ነው። ቢል ዊልሰን የተባለ የኒው ዮርክ የአክሲዮን ደላላ መጠጥ ከተወ አምስት ወር ሆኖት ነበር። ለንግድ ወደ አክሮን ሄዶ ነገሩ ሳይሳካለት ቀረ፤ በሆቴሉ አዳራሽ ብቻውን ቆሞ ሳለ ከመጠጥ ክፍሉ የሚወጣውን ጫጫታ ሰማ። ወዴት እንደሚያመራ ባወቀ ጊዜ ወደ ስልኩ ዞረና በዚያ ከተማጠቀሱት አብያተ ክርስቲያናት መካከል ወደ አንዱ ካህን ደወለ። የፈለገው ስብከት አልነበረም፤ እንደ እርሱ ያለ የሚያናግረው ጠጪ ነበር የፈለገው። በካህኑ አማካይነት ሄንሪየታ ሳይበርሊንግ የተባሉ ወይዘሮ ተገኙ፤ እርሳቸውም በግንቦት 4 ቀን ሮበርት ስሚዝ ከተባለው የቀዶ ጥገና ሐኪም ጋር አገናኙት። ሐኪሙ ራሱ በመጠጥ የተጎዳ ነበርና 15 ደቂቃ ብቻ ልቆይ ብሎ ገብቶ ከ6 ሰዓት በላይ ቆየ። በሰኔ ወር የመጨረሻውን መጠጥ ጠጣ፤ ማኅበሩም ልደቱን የሚቆጥረው ከዚያ ነው። ዛሬ በ180 ያህል አገሮች ይገኛል። በ1951 እ.ኤ.አ. ደግሞ የጠጪዎች ሚስቶችና ዘመዶች ለብቻቸው የሚሰበሰቡበት ሌላ ጉባኤ ተመሠረተ። መስኮቷን ዘግታ የምታለቅሰው ሚስት እርሷም ታማሚ መሆኗን ማሰባቸው ያስመሰግናቸዋል።

ከሰው ኃይል በላይ ወደ ሆነ ኃይል ራስን መስጠት ያስተምራሉ፤ ያ ኃይል ማን እንደ ሆነ ግን ለእያንዳንዱ እምነት ይተዉታል። የንስሐ አባታችን ይህን ስንነግራቸው ሦስት ነገር ጠየቁን። ገንዘብ ይሰበስባሉን? ለሻይና ለኪራይ የአባላቱን ሳንቲም ብቻ ነው አልን። ይሰብካሉን? አይሰብኩም። ሰውን ከቤተ ክርስቲያን ያስቀራሉን? ጋሼ መሄድ ከጀመሩ ወዲህ ቅዳሴ አላጎደሉም አልን። «እንግዲያማ ይሂዱ። ለእኔ ኃጢአታቸውን ይንገሩኝ፤ ለእነርሱ ሕመማቸውን ይንገሩ» አሉ። ጋሼ ቁርባን ለመቀበል ፈርተው ነበር፤ ወይኑ ያነሣሣብኛል ብለው። በዲያቆንነታችን ስናዘጋጀው የኖርን ስለ ሆነ፥ በቤተ ክርስቲያናችን ለቅዱስ ቁርባን የሚቀርበው ዘቢብ በውኃ ተዘፍዝፎ የሚጨመቅ እንጂ ለስካር የሚፈላ አለመሆኑን ነግረን አረጋጋናቸው።

የሐኪሞችም ምስክርነት አልጎደለም። በ2012 ዓ.ም. ከ10,565 ሰዎች የተገኙ 27 ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመሩ ሊቃውንት፥ በሐኪም ረዳትነት ወደዚህ ዓይነት ጉባኤ እንዲገቡ የተደረጉ ሰዎች መጠጥን ፈጽሞ በመተው በኩል በሌላ መንገድ ከታከሙት እንደማያንሱ፥ አንዳንድ ጊዜም እንደሚበልጡ አስታውቀዋል። ሁሉም ይድናል ማለት ግን አይደለም፤ እነርሱም አላሉም።

ለእኛ ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀን ሥርዓቱ ባዕድ አለመሆኑ ነው። የጽዋ ማኅበር አባቶቻችን ያቆዩልን ነገር አይደለምን? በወሩ ቀን ይሰበሰባሉ፤ ሁሉም ቦታ ቦታውን ይይዛል፤ የቀረ ሰው «ምን አግኝቶት ነው?» ተብሎ ይፈለጋል፤ የታመመ ይጠየቃል፤ የተጣላ ይታረቃል። በዚያ የማጠናከሪያ ትምህርት ክፍል ያየነው ይኸው ነው፤ ጽዋው ብቻ የለም። ጽዋው ደግሞ ለጋሼ ትንሽ ነገር አልነበረም።

ኅዳር 12 ቀን የሚካኤል ዓመታዊ በዓል ነበረ። ጋሼ መጠጥ ካቆሙ ዘጠኝ ወር ሆኗቸው ነበር። እኅታቸው እንደ ነገረችን ወደ ማኅበራቸው ሄዱ፤ የዝክሩ ባለቤት ጽዋውን አቀረቡላቸው፤ «ይቅርብኝ» አሉ። ዳግመኛ ቀረበላቸው፤ ይቅርብኝ አሉ። በሦስተኛው «የቅዱስ ሚካኤልን ጽዋ እምቢ ይባላል? ለበረከት ብቻ ቅመሱ እንጂ» ሲባሉ ሰው ሁሉ አያቸው። ቀመሱ። ከዚያ ቤት ወጥተው ወደ ቤታቸው አልተመለሱም።

ሦስት ቀን ፈለግናቸው። ያገኟቸው ግን እኛ አይደለንም፤ ከዚያ ክፍል ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አንዱ ያ በእስልምናው ሥርዓት የሚለምነው ሰው ነበረ። ወደ ሞጆ በሚወስደው መንገድ ዳር አንድ መጠጥ ቤት ውስጥ አገኟቸው። አልጮኹባቸውም፥ አልጎተቷቸውም። በአጠገባቸው ተቀምጠው ሁለት አምቦ ውኃ አዘዙና ጋሼ ራሳቸው ተነሥተው «እንሂድ» እስኪሉ ድረስ ከሦስት ሰዓት በላይ ጠበቁ። ከዚያም በቀጥታ ወደ ሐኪም ወሰዷቸው። የሚቀጥለው እሁድ ለቤተ ሰብ ክፍት ባይሆንም እስከ በሩ ሸኘናቸው። ማታ ሲመለሱ ምን እንዳሉ ጠየቅናቸው። «አራት ቀን አልኩ» አሉን። «ዘጠኝ ወርህን አጠፋኸው ያለኝ የለም። እትዬ ሻይ ቀዱልኝ፤ ቀጣዩ ሰው ወሬውን ቀጠለ።»

የዝክሩ ባለቤት መልካም ሰው ናቸው። ነገሩን በሰሙ ጊዜ እያለቀሱ ወደ ቤታችን መጡ፤ ክፉ ያደረጉ አልመሰላቸውም ነበር። በእኛም ማኅበር ስለዚሁ ጉዳይ ክርክር ተነሣ። ከጠላው ጎን ብርዝ ይቅረብ፥ ካህኑም ሁለቱን አንድ ላይ ይባርኩ፥ የወደደ ከወደደው ይቅመስ የሚል ሐሳብ ቀረበ። አንድ አዛውንት «የአባቶቻችን ጽዋ ጠላ ነው፤ ለአንድ ሰው ሲባል ሥርዓት አይለወጥም» ብለው ተቃወሙ፤ ያልተሳሳቱበትም ነገር አለ፤ ሥርዓት እንደ ሸሚዝ አይቀየርም። ቢሆንም ጽዋው ጽዋ የሚሆነው በውስጡ ባለው ጌሾ ነው ብለን አናምንም። በመጨረሻ ብርዙ ተፈቀደ። ባለቤታችን እንዳስጠነቀቀችው ግን ብርዙ በዚያው ዕለት መበጥበጥ አለበት፤ በአዳማ ሙቀት ሁለት ቀን ያደረ ብርዝ ወደ ጠጅነት መንገድ ጀምሯልና። ሐኪሙም ቅሪቦ ያደረ እንደ ሆነ ይፈላልና ለእንዲህ ያለው ሰው አይሰጥ ብሎናል።

ያ ክፍል አሁን የለም። ባለቤቱ ለሱቅ ስለ ፈለገው ሰዎቹ እንዲለቁ ነገራቸው። እኛም በአጥቢያችን እሁድ ከቀትር በኋላ ተዘግቶ የሚውል አንድ የሰንበት ትምህርት ቤት ክፍል መኖሩን ስለምናውቅ ለሰበካ ጉባኤው ማመልከቻ ጻፍን። አንዳንዶቹ የጉባኤው አባላት ከሌላ እምነት የመጡ ሰዎች እዚያ መቀመጣቸውን አልወደዱትም። ሊቀ መንበሩ ግን በነጻ እንስጣቸው አሉ። ይህን ይዘን ሄደን ብንነግራቸው እነዚያ ሰዎች በነጻ አንቀበልም አሉ፤ ከውጭ ሰው እርዳታ አለመቀበል የማኅበሩ ልማድ ነውና ጥቂትም ቢሆን ኪራይ ይወሰንልን ብለው ላኩ። የኪራዩን መጠን ለመወሰን ጉባኤው ዳግመኛ መቀመጥ አለበት፤ ለመቀመጥም ምልዓተ ጉባኤ አልተገኘም። ማመልከቻው ከገባ ሁለት ወር ሆኖታል።

እስከዚያው ድረስ የሚሰበሰቡት ከአባላቱ አንዱ በሚሠራበት የመኪና ጥገና ግቢ ውስጥ ነው፤ እሁድ ሥራ ስለሌለ ባለቤቱ ቁልፉን ይተውላቸዋል። በቀደመው እሁድ ዝናብ ስለ ጣለ ሞተሩ ወርዶ በቆመ አንድ የጭነት መኪና ተሳቢ ላይ ሸራ ዘርግተው ከሥሩ ተቀመጡ። ጋሼ ሸራውን ያሰሩት እኔ ነኝ ይላሉ፤ አንድ ጠብታ አላስገባም።